«ውጤቱ ከመጣ ወዲህ ጀርባ ለጀርባ ነው የምንተኛው»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ምንም ሳያመኝ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አደረግሁ። ውጤቱ ሲመጣ «ለማህፀን በር ካንሰር ሊያጋልጥ የሚችል ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ተገኝቷል፣ ሴሎችሽም ላይ ቀላል ለውጥ ይታያል» ተባልኩ። ሐኪሟ «አያሰጋም፣ ከዓመት በኋላ እናየዋለን» ብላ ሸኘችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ለባለቤቴ ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ። ቆይቶ «በግንኙነት ነው አይደል የሚተላለፈው? ታዲያ ከየት መጣ?» አለኝ። ከመጋባታችን በፊት ሁለታችንም ጓደኛ ነበረን፣ ይህን ተደባብቀን አናውቅም። ግን እኔም በልቤ እሱኑ ጠርጥሬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀርባ ለጀርባ ነው የምንተኛው። ሲነካኝ እሸማቀቃለሁ። ታላቅ እህቴ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» ብላኛለች። ለቀጠሮው ሁለት ወር ቀርቶኛል። እውነቱን ልንገርዎትና ባልሄድ ደስ ይለኛል። ካንሰር የለብሽም ተብዬ ለምን እንዲህ ሆንኩ? አካብጄው ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አላካበድሽም። «ታመሻል» ቢሉሽ ሕክምና ትጀምሪ ነበር። «ደህና ነሽ» ቢሉሽ ወደ ሥራሽ ትመለሺ ነበር። አንቺን ግን ምንም ሳታደርጊ ዓመት ሙሉ ጠብቂ አሉሽ። የሚያምሽ ነገር የለም፣ ግን ቀን ከሌት ሰውነትሽን ታዳምጫለሽ። ወገብሽን ትንሽ ሲቆርጥሽ ልብሽ ድንግጥ ይላል። እንዲህ ዓይነት ውጤት የደረሳቸው ብዙ ሴቶች የሚሉት ይህንኑ ነው። ሐኪማቸው ፊት ግን አይናገሩትም። «ካንሰር አይደለም» ከተባሉ በኋላ ማልቀስ ምስጋና ቢስነት ይመስላቸዋል።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተጠላልፈዋል። አንዱ «ምን ልሆን ነው?» የሚል ነው። ሌላው «ከየት መጣ?» የሚል። የመጀመሪያው የሐኪም ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው። ቤታችሁን ያቀዘቀዘው ግን ሁለተኛው ነውና ከእሱ ልጀምር።

ኤችፒቪ እጅግ የተለመደ ቫይረስ ነው። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹን፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ሳያውቁት ይይዛቸዋል፣ ሳያውቁት ይለቃቸዋል። ከ10 ሰው በ9ኙ ገደማ የሰውነት መከላከያ በ2 ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል፣ ወይም በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ያዳክመዋል። ነገሩን የሚያወሳስበው ቫይረሱ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ቆይቶ ብቅ ሊል መቻሉ ነው። ስለዚህ አንቺ ላይ የታየው ቫይረስ የቅርብ ጊዜ ሊሆን ይችላል። ከባለቤትሽ ጋር ሳትተዋወቁ የያዘሽም ሊሆን ይችላል። እሱ ከድሮ ጓደኛው ይዞት መጥቶ፣ ምንም ሳይሰማው ኖሮ ሊሆንም ይችላል። የቱ እንደሆነ የሚለይ ምርመራ የለም። «እሱም ይመርመርና ይለይ» ብትይም አይሠራም። ለወንዶች ይህን ለይቶ የሚናገር ምርመራ የለም።

እዚህ ላይ ላባብልሽ አልፈልግም። ውጤቱ «ባልሽ ታማኝ ነው» አይልም። «አይደለም»ም አይልም። አንቺንም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስለ ማህፀን በርሽ ሴሎች ብቻ ነው፤ ለትዳራችሁ ምስክር አድርጋችሁ አታቁሙት። ከውጤቱ በፊትም የሚያጠራጥራችሁ ነገር ከነበረ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ምክንያት ተነጋገሩበት። ከውጤቱ በፊት ምንም ካልነበረ ግን ምርመራው ምንም አልጨመረበትም።

ባለቤትሽ «ከየት መጣ?» ሲል አንቺ የሰማሽው ክስ ነው። ክስም ሊሆን ይችላል። ግን የፈራ ሰውም እንዲህ እንደሚጠይቅ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አያለሁ። «ሚስቴን ካንሰር ሊይዛት ነው?» ብሎ የሚፈራ ሰው የሚቆጣበት ሰው አያገኝም። ሲጠረጥር ግን ያገኛል። ልብ ደግሞ ቶሎ የሚሄደው ወደሚቆጣበት ሰው ነው። አንቺም በልብሽ የሄድሽው ወደ እሱ ነበር። ይህን የማነሳው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ወሬውን የምትጀምሪበት ነገር ስለሆነ ነው።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ እንዲህ በይው፦ «ያን ቀን ከየት መጣ ስትለኝ ተከፍቻለሁ። ግን እኔም አፍ አውጥቼ ሳልናገር አንተን ስጠረጥርህ ነበር። ሁለታችንም የጠየቅነው መልስ የሌለውን ነው። አሁን የፈራሁት ቀጠሮውን ነው፤ ብቻዬን መሄድ አልፈልግም።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩይ። «እሺ» ብቻ ብሎሽ ሊነሳ ይችላል። ያልጠበቀውን ነገር የሰማ ሰው ወዲያው ጥሩ መልስ አይወጣውም። አንድ ሁለት ቀን ስጪው። አብሮሽ ወደ ቀጠሮው ከመጣ ደግሞ ጥያቄውን ራሱ ለሐኪሟ ያቅርብ። ካንቺ አፍ ሲሰማው ራስን መከላከል የሚመስለው ነገር ከሐኪም አፍ ሲሰማው መረጃ ይሆናል።

መልሱ ስድብ፣ ማስፈራራት ወይም እጅ ማንሳት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከምርመራው ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ ወሬውን አቁሚ፣ ከምታምኚው ሰው ጋር ሁኚ፣ ሐኪም ቤትም ከዚያ ሰው ጋር ሂጂ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። እኛ ባለሙያዎች «አያሰጋም» ማለት ይቀናናል። የማያሰጋበትን ምክንያት ማስረዳት ግን ጊዜ ይወስዳልና ብዙውን ጊዜ እንዘለዋለን። ሐኪሟ «ከዓመት በኋላ» ያለችሽ ችላ ብላሽ አይደለም። ቀላል ለውጥ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የሚመለሰውን ነገር ቸኩሎ ማከም ደግሞ ያለ ጥቅም መንካት ነው። አንዳንዶቹ ሕክምናዎች ለምሳሌ ወደፊት በሚመጣ እርግዝና ላይ ያለጊዜው የመውለድ ዕድልን በመጠኑ ሊጨምሩ ይችላሉ። ጊዜም አለሽ። ቫይረሱ አልለቅም ብሎ ቢቆይ እንኳ፣ መከላከያዋ ጤነኛ በሆነ ሴት ላይ ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። መከላከያዋ በተዳከመ ሴት፣ በተለይ ኤችአይቪ ኖሮባት ሕክምና ባልጀመረች፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ክትትሉ ለእያንዳንዷ ሴት ይለያያል፣ የጎረቤትሽን ቀጠሮ ከራስሽ ጋር አታወዳድሪ።

ቀጠሮው ላይ ግን አልደራደርሽም። «ባልሄድ ደስ ይለኛል» ያልሽው ይገባኛል። የቀረሽ ዕለት ማታ እፎይ ትያለሽ፣ እፎይታው እውነተኛ ነው። አንጎልሽ ግን ከዚያ አንድ ነገር ይማራል፦ «መቅረት ያድናል።» ቀጣዩን መቅረት ይቀልሻል፣ ፍርሃቱ ደግሞ ይብስብሻል። የዚህ ምርመራ ጥቅሙ ያለው ክትትሉ ላይ ነው። የሚመለሰው ለውጥና የማይመለሰው የሚለየው በቀጠሮ ነው። ያልተመለሰውም ካንሰር ሳይሆን በፊት ይታከማል።

የፈራሽው የማታውቂውን ስለሆነ ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ። ምርመራው ይደገማል። ቫይረሱ አሁንም ካለ ኮልፖስኮፒ ወደሚባል ምርመራ ሊልኩሽ ይችላሉ። መላክሽ በራሱ ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ጀርባሽ ላይ ትተኛለሽ፣ ልክ እንዳለፈው ጊዜ ማህፀን በርሽን ለማየት የሚከፍቱበት መሣሪያ ይገባል። አጉልቶ የሚያሳየው መሣሪያ ግን ከውጭ ነው የሚቆመው። ኮምጣጤ የሚሸት ቀለል ያለ ፈሳሽ ይቀቡታል፣ ለውጥ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ትንሽ ናሙና ሊወስዱ ይችላሉ። ያኔ ቆንጠጥ የሚያደርግ ስሜት ወይም እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ይኖራል፣ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ደም ሊታይ ይችላል። «ቆይ» ስትይ እንዲያቆሙ፣ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጋቸው በፊት እንዲነግሩሽ፣ አብሮሽ ሰው እንዲገባ መጠየቅ መብትሽ ነው። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሴቶችም አንድ ነገር ልጨምር። ከዚህ በፊት ተገዳ የተደፈረች ሴት ይህ ምርመራ እጅግ ሊከብዳት ይችላል። ዝርዝሩን መተረክ አይጠበቅባትም። «ይህ ምርመራ ይከብደኛል፣ ቀስ በሉ» ማለት ይበቃል።

ሌሊቱን በተመለከተ፣ ስልክሽ ላይ ምን እንደምታነብቢ እገምታለሁ። በሽታው የያዛቸውን ሰዎች ታሪክ፣ የደረጃ ዝርዝር፣ ማብቂያ የሌለው አስተያየት። ያ ያንቺ ውጤት አይደለም። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። ቀን ላይ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል ለጭንቀቱ መድቢና የሚያስጨንቅሽን ሁሉ በደብተር ጻፊ። «መውለድ እከለከላለሁ?» ዓይነቱ መልስ ያለው ነው፣ ለሐኪሟ በሚቀርበው ዝርዝር ውስጥ ይግባ። «ልጆቼ ያለ እናት ቢቀሩስ?» ዓይነቱ ዛሬ መልስ የለውም፣ ደብተሩ ላይ ይቆይ። ሌሊት ሲመጣብሽ «ጽፌዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ» በይ። መጀመሪያ ሰሞን የሚሠራ አይመስልም። ቀጥይበት።

ሲነካሽ መሸማቀቅሽ የብዙ ሴቶች ነገር ነው። ሰውነትሽ የተበከለ መስሎሽ ይሆናል። ልጆችሽን ማቀፍ፣ መሳም፣ አብሮ መብላት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ከባለቤትሽ ጋርም፣ ለዓመታት አብረው የኖሩ ጥንዶች ቫይረሱን ቀድመው የተጋሩት ስለሚሆኑ፣ በዚህ ውጤት ብቻ ግንኙነት አቁሙ አይባልም። ሕክምና ከተደረገልሽ ግን ቁስሉ እስኪድን ለጥቂት ሳምንታት መታቀብ አለ። ኮንዶም የመተላለፍ ዕድሉን ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይከለክልም፣ ቫይረሱ የሚሄደው በቆዳ ንክኪ ነውና። አሁን የምመክርሽ ትንሽ ነገር ነው። ለተወሰነ ጊዜ መተቃቀፉ ወደ ሌላ ነገር እንደማይሄድ ተስማሙ። እጁን ስትይዢ «ከዚህ በኋላ ምን ይመጣ ይሆን» ብለሽ የማትሰጊ ከሆነ ሰውነትሽ ቀስ እያለ ይፈታል። የጀርባ ለጀርባው ነገርም በዚሁ ይቀልላል ብዬ አስባለሁ።

እህትሽ «ትንፍሽ እንዳትይ» ያለችሽ ልትጠብቅሽ ብላ ነው። ለሁሉም ሰው ማውራት እኔም አልመክርሽም። ግን መርጠሽ ዝም ማለትና አፍረሽ ዝም ማለት ይለያያሉ። ከባለቤትሽ ሌላ አንድ ሰው ምረጪ፣ ምክር የማትሰጥሽና የምታዳምጥሽ። እህትሽን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ እሷ መቼ ነው የተመረመረችው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአብዛኞቹ ሴቶች ምርመራው ከ30 ዓመት ጀምሮ እንዲደረግ ይመክራል። «ለማንም አትንገሪ» የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ራሳቸው የፈሩት ነገር አላቸው።

ሁለት ነገሮች ቀጠሮ አይጠብቁም። ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጪ ደም ካየሽ ቶሎ ታዪ። ማልቀሱ አላቆም ካለሽ፣ ምግብ አልገባ ካለሽ ወይም መኖር ካስጠላሽም በአካል ባለሙያ አግኚ፤ ይህ የመጨረሻው ከሆነ ዛሬውኑ።

ከቀጠሮው በፊት ደግሞ ውጤቱን እንዴት እንደምትሰሙ ተነጋገሩ። «ጠፍቷል» ቢባል ደስ ይላል። ብዙ ሴቶችን የሚሰብራቸው «አሁንም አለ፣ እንደገና እንጠብቅ» የሚለው ነው። ያ መልስ ሊመጣ እንደሚችል ሁለታችሁም ቀድማችሁ እወቁ። ስልክ ይደወል እንደሆነ፣ በአካል ትሄጂ እንደሆነ ሐኪም ቤቱን ጠይቂ። በሥራ ሰዓት፣ ሰው መሃል ሆነሽ እንዳትሰሚው አመቻቺ። ብቻዬን ልስማው ካልሽም መብትሽ ነው፣ ለባለቤትሽ ቀድመሽ ንገሪው። ከዚያ የዚያኑ ዕለት ማታ የምታወሩበትን ሰዓት ቁረጡ።