በ75 ሊትር ውስጥ የርስት ጠብ

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሳሎኔ ያለው ባለ 20 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም 5 ወር ሆነው። ሱቁ «ውሃውን የሚያለማምድ ጠንካራ ዓሣ» ብሎ መጀመሪያ የሸጠልኝ 3 ነጭ ነጥብ ያለው ጥቁር ዳምዝል ነበር። ከዚያ 2 ክላውንፊሽ ጨመርኩ፤ ብዙም አልተጣሉም። ከ9 ቀን በፊት ግን ፊቱ ሐምራዊ፣ ኋላው ቢጫ የሆነ ሮያል ግራማ ባስገባ ጥቁሩ ጅራቱን ተለተለው። አሁን ግራማው ማሞቂያው ጀርባ ተሸጉጦ ምግብ አይነካም። ትልቁ ክላውንፊሽም ትንሹን መንከስ ጀምሯል። ሌላ ዓሣ ብጨምርበት ጠቡ ይበተን ይሆን? ወይስ እንደተባልኩት ለጥቁሩ መስታወት ላሳየው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይጨምሩ። ጠብን በዓሣ ብዛት መበተን በትልልቅ ገንዳ የሚሠሩ ሰዎች ብልሃት ነው። 20 ጋሎን 75 ሊትር ገደማ ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚበዛው ተደብዳቢ ብቻ ነው።

ጥቁሩ ዓሣ ዶሚኖ ይባላል። ሲገዙት የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነበር፤ ሲያድግ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ነጥቦቹ ከዕድሜ ጋር እየደበዘዙ ይሄዳሉ፣ ጠባዩ ግን ይብስበታል። ክፋት አይደለም። እንደ እሱ ያለ ዓሣ አንዲት ጉድጓድና ዙሪያዋን ይዞ ይኖራል፤ ድንበሩን የገፋውን ያባርራል። ባሕር ውስጥ ተባራሪው ሁለት ሜትር ርቆ ይገላገላል። እርስዎ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሜትር የለም። በዚያ ላይ ቀድሞ የገባው እሱ ስለሆነ ገንዳው ከዳር እስከ ዳር ርስቱ ሆኗል። ክላውንፊሾቹ ሁለት ሆነው ገቡ፤ እነሱም የዳምዝል ዘመድ ናቸውና መክተው ቆሙ። ግራማው ብቻውን ነው። የሚገርመው፣ ግራማ የካሪቢያን ዓሣ ነው፤ ዶሚኖ ደግሞ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ነው የሚገኘው። እኛ ባናገናኛቸው ኖሮ ዕድሜ ልካቸውን አይተዋወቁም ነበር።

ዳምዝልን ለውሃ ማለማመጃ መሸጥ የማልወደው ልማድ ነው። የዓሣ ቆሻሻ የሚፈጥረውን መርዘኛ አሞኒያ የሚበሉትን ጥቃቅን ባክቴሪያ ለማራባት ዓሣ አያስፈልግም፤ አሞኒያ በጠርሙስ ይሸጣል። የሆነው ሆኗል፣ ወደ ሥራው እንግባ።

ዛሬ ማታ ግራማውን ያትርፉ። ዘጠኝ ቀን ያልበላ ዓሣ ነገ ከነገ ወዲያ እየተባለ አይታደርም። ገንዳው ውስጥ በግድግዳው ላይ የሚለጠፍ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብርሃን አሳላፊ የፕላስቲክ ሣጥን ይግዙ፤ ውሃ በሚንቀሳቀስበት በኩል ይስቀሉት። ግራማው ጥግ ስለያዘ በኩባያ ቀስ ብለው ከነውሃው ሊቀዱት ይችላሉ፤ መረብ የተተለተለ ጅራት ያባብሳል። መሸሸጊያ እንዲሆነው አጭር የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ያስገቡለት። ከበረዶ የቀለጠ ማይሲስ ሽሪምፕ (ለዓሣ ምግብ የሚሸጥ ጥቃቅን ሽሪምፕ) በቀን 3 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይስጡት። ዶሚኖው መጥቶ ሣጥኑን ይደበድባል፤ ይደብድብ።

አሞኒያውንም ይለኩ፤ ዜሮ መሆን አለበት። ውሃው ንጹሕ ከሆነ ጅራቱ ይበቅላል። የጨው ቅንጣት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ካዩበት ወይም መተንፈሻ ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ በሽታ ገብቷልና ለብቻ ገንዳ ይውጣ። ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ ወይም ኮራል ባለበት ውሃ ግን የመዳብ መድኃኒት እንዳያፈሱ፤ ይፈጃቸዋል።

ዶሚኖውስ? ይውጣ። ድንጋዩን አዘዋውረው ድንበሩን ቢያምታቱበት በዚህ ስፋት አንድ ሁለት ቀን ነው የሚደናገረው። የጠየቁኝ መስታወትም ከገንዳው ውጭ ሲደገፍ የገዛ ምስሉን እያባረረ አዲስ ዓሣ ለመልቀቅ የሩብ ሰዓት ፋታ ይሰጣል፤ ቀኑን ሙሉ ቢተዉት ግን ንዴቱን ማቆየት ነው።

መያዙ ነው አስቸጋሪው። በመረብ ካሯሯጡት ድንጋዩ ይናዳል፣ እርስዎም ይናደዳሉ። እኔ የማደርገው ይኸ ነው፦ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል እቆይና በእጅ ባትሪ የሚያድርበትን ጉድጓድ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ ማደሪያው አንድ ነው። በማግስቱ ማታ የገንዳውን ውሃ ባልዲ ውስጥ ቀድቼ፣ ያንን ድንጋይ ብቻ ቀስ ብዬ ከነዓሣው አንስቼ ባልዲው ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሲደነግጥ ከመውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይገባልና ብዙ ጊዜ ይሳካል። ድንጋዩ የማይነሳ ከሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠው ገልብጠው ይክተቱበት፣ ጎኑን ይብሱት፣ ምግብ አድርገው በክር ያውርዱት። ዶሚኖ ሆዳም ነው፤ ሲገባ ይሳቡት።

ባልዲው አየር ማስገቢያ፣ ማሞቂያና ክዳን ይኑረው። ሱቁ ይቀበል እንደሆነ አስቀድመው ይደውሉ። የሚቀበል ካጡ እንኳ ባሕር እንዳይለቁት፤ የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሱ ላየንፊሽ የተባለ ዓሣ ከአኳሪየም እየተለቀቀ ፍሎሪዳ ዳርቻ ተራብቶ የአካባቢውን ዓሣ እንዴት እንደፈጀ እዚህ አገር የታወቀ ነው።

የክላውንፊሾቹ ነገር ሌላ ነው፤ ጋብቻ ነው። ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምሩና ትልቁ ሴት ይሆናል። ትልቋ ትነክሳለች፣ ትንሹ በጎኑ ተጋድሞ ይንቀጠቀጣል፤ እጅ መንሳቱ ነው። ገላጋይ አያሻቸውም። ትንሹ ክንፉ ከተቀደደ ወይም ምግብ ላይ ካላስጠጋችው ብቻ እሷን ለጥቂት ቀን ሣጥኑ ውስጥ ይሰሯት። ሦስተኛ ክላውንፊሽ ግን በፍጹም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የጥርስ ሐኪም ጋ ተራ መጠበቂያ ክፍል ያለ ገንዳ ላይ «ያምራል» ብዬ ሦስተኛ ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ማጣሪያው አፍ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ማጣሪያው የሳበው መስሏቸው ነበር፤ እኔም ዝም አልኩ። ጤነኛ ዓሣን ማጣሪያ አይስበውም። ተደብድቦ ሲደክም ነው።

ዶሚኖው ከወጣ በኋላ ግራማው ሦስት ቀን ደህና አድርጎ እስኪበላ ሣጥኑ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ማታ መብራት ጠፍቶ ይልቀቁት፤ ቀድሞ የዶሚኖው የነበረውን ጉድጓድ ራሱ ያገኘዋል። እሱም ባለ ጉድጓድ ነውና መልኩንና ቅርጹን የሚመስል ሌላ ዓሣ አያምጡበት፤ በ3 ዓሣ ይብቃዎት። ገንዳው ክዳን ከሌለውም ከመልቀቅዎ በፊት በቀጭን መረብ ይሸፍኑት፤ ግራማ ሲደነግጥ ይዘላል፣ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ደርቆ እንዳያገኙት።