ድንጋይ ይበቅላል ወይ? የልጆች ጥያቄና መልስ

ልጆች ስለ ድንጋይና ስለ አፈር ያሏቸውን ጥያቄዎች ላኩልኝ ብዬ ነበር። የተማርኩት ሥነ ምድር ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ወላጆችና መምህራንም ጠይቃችኋል።

ድንጋይና ማዕድን አንድ አይደሉም እንዴ? (የ9 ዓመት ልጅ)

አይደሉም። ቆሎ አስብ። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ እያንዳንዳቸው ማዕድን ናቸው እንበል። ሲደባለቁ ቆሎ ይሆናሉ። ድንጋዩ ማለት ቆሎው ነው። ግራናይት የሚባለውን ድንጋይ ጠጋ ብለህ እየው። መስታወት የሚመስለው ኳርትዝ ነው፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለው ፌልድስፓር፣ የሚያብለጨልጨው ደግሞ ሚካ። ማዕድን ሲባል ወርቅ ብቻ አይምሰልህ። ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው ራሱ ማዕድን ነው። አሞሌ አፋር ውስጥ ከመሬት ተቆርጦ ነው የሚወጣው።

ደጃችን ያለው ጥቁር ድንጋይ ለምን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ?

እንጀራ ሲጋገር አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ ዐይን ይሠራል። ያ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ከምድር ሥር ቀልጦ ሲወጣ ውስጡ ጋዝ ነበር። ጋዙ ገና ሳያመልጥ ድንጋዩ ቀዝቅዞ ደረቀ፣ ዐይኑ እንዳለ ቀረ።

የስሜን ተራሮችም የተሠሩት እንዲህ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ ድንጋይ እየፈሰሰ፣ እየደረቀ፣ በላዩ ላይ ሌላ እየፈሰሰ ተደራረበ። ገደሉ ከሩቅ ሲታይ ደረጃ ደረጃ የሚመስለው ለዚህ ነው።

የወሎ ኦፓልስ ማዕድን ነው?

ለጥቂት አመለጠው። ማዕድን ለመባል ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች በሥርዓት የተደረደሩ መሆን አለባቸው፤ ኦፓል የሚባለው የጌጥ ድንጋይ ግን እንዲያ አይደለም። ውስጡ ውኃም አለው።

ተማሪዎቼ የድንጋይ መፈራረስንና መሸርሸርን እያምታቱ አስቸገሩኝ። (የ4ኛ ክፍል መምህርት)

እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ አዋቂም ያምታታዋል። እኔ እንዲህ ነው የምላቸው፦ አንዱ ይሰብራል፣ ሌላው ይወስዳል።

ድንጋይ እዚያው በተቀመጠበት ሲሰነጠቅና ሲላላ መፈራረስ ነው። ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ብርድ ያኮማትረዋል። የዛፍ ሥር ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይፈለቅቀዋል። ዝናብም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ቀይ አፈር የቀላው እኮ ድንጋዩ ውስጥ የነበረው ብረት ዝጎ ነው! የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ውኃ የሚጠጣ ነው። ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁ ያላሉታል። አንዳንዶቹ ላይ መጠለያ የተሠራው ለዚህ ነው።

መሸርሸር የሚባለው ጎርፍ ወይም ነፋስ የተፈረካከሰውን ሲያነሳው ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ልጆቹ ያውቁታል። እርስዎ ይጨምሩበት፦ ግንድ ብቻ ሳይሆን አፈርም ይዞ ይዞራል። ክረምት ላይ የሚደፈርሰው ከየማሳው ያጠበውን አፈር ተሸክሞ ነው። አንድ ሴንቲሜትር አፈር እስኪፈጠር በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ጎርፍ ግን በአንድ ከሰዓት ይወስደዋል። ይህን ሳስብ ሁሌም ያመኛል።

አባቴ ማሳችን ላይ በየዓመቱ ድንጋይ ይበቅላል ይላል። እውነት ነው?

አባትህ ያየው ነገር እውነት ነው። ድንጋዩ በየዓመቱ ይበዛል። ግን በቅሎ አይደለም። ላዩ ላይ የነበረው አፈር ታጥቦ ሲሄድ ከሥር የነበረው ድንጋይ ብቅ ይላል፤ ማረሻም ያወጣዋል። መድኃኒቱ እርከን ነው። ኮንሶዎች ያንኑ ድንጋይ እየካቡ አፈሩን ያስቀሩበታል። እርከናቸውና መንደሮቻቸው በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ከአባትህ ጋር ይህን አውሩ።

ቤት ውስጥ ከልጆቼ ጋር ምን ልሞክር?

ክዳን ያለው የማርማላታ ጠርሙስ ፈልጉ። ሢሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውኃ ሙሉት። በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ከላዩ ይተኛል። ሸክላው፣ ማለትም ከሁሉም የላመው አፈር፣ ግን በማግስቱም ውኃውን አደፍርሶት ልታገኙት ትችላላችሁ። ልጆቹ እያንዳንዱን ንጣፍ በማስመሪያ ይለኩት። ከጓሮና ከመንገድ ዳር የተወሰደ አፈር ጎን ለጎን ቢሞክሩ ደግሞ የበለጠ ይደሰታሉ።