ቤትሆቨን «ተገኘ» ወይስ «ተገኘች»?

ጥያቄ፦ ስለ ጠፈር አካላት አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «1815 ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1932 ተገኘ» ብዬ ስለ አንድ አስትሮይድ (ፀሐይን ስለሚዞር ትንሽ ድንጋያማ አካል) ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይቶ «ተገኘች በል» አለኝ። ቤትሆቨን ወንድ ነው፤ ግራ ገባኝ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ እኔ የጓደኛዎን እመርጣለሁ። «ተገኘ» ግን ስሕተት ሆኖ አይደለም።

አማርኛ ሰውን በጾታው ይጠራል። ግዑዝ ነገር ላይ ሲደርስ ግን ላላ ይላል። ፀሐይ ወጣች፣ ጨረቃ ደመቀች እንላለን። ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ በወንድ ይነገራል፤ «ኮከቧ» የሚልም አይጠፋም። እንደ አስትሮይድ ያለ የውጭ ቃል ሲገባ መጀመሪያ የወንዱን ጾታ ይይዛል፦ አስትሮይዱ። ትንሽነትን ወይም ቅርበትን ማሳየት ስንፈልግ ወደ ሴት እናዞረዋለን። «ይቺ መጽሐፍ»፣ «ያቺ ጎጆ» የምንለው ለዚህ ነው። አስትሮይድ ከፕላኔት ጎን ሲታይ ትንሽ ስለሆነ «አስትሮይዷ» ጆሮ አይቆረቁርም።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ችግር ግን ስሙ የሰው ስም መሆኑ ነው። «ቤትሆቨን ተገኘ» ሲባል አንባቢው ቀድሞ የሚያስበው ሙዚቀኛውን ነው። አሁን ይሄን ይመልከቱ፦ «ቤትሆቨን በ1827 ሞተ። ቤትሆቨን በ1932 ተገኘች።» አንዲት «ች» ሰውየውንና የጠፈሯን አካል ለየቻቸው! እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ አማርኛን ይበልጥ እወደዋለሁ። ብዙ ቋንቋ ይህን ለመለየት ተጨማሪ ቃል ይፈልጋል።

ከሥነ ፈለክ ልማድም ድጋፍ አለ። መጀመሪያ የተገኙት አራቱ፣ ሴሬስ፣ ፓላስ፣ ጁኖና ቬስታ፣ የተሰየሙት በሴት አማልክት ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የወንድ ስም ሲመረጥ የሴት ቅርጽ ይሰጠው ነበር። በ1924 የተገኘችው «ሞዛርቲያ» የሞዛርትን ስም የያዘችው እንዲህ ተለውጦ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ካርል ራይንሙት ሃይድልበርግ ላይ በ1931 እና በ1932 ያገኛቸው ባክና ቤትሆቨን ግን ስማቸው ሳይነካ ቀረ። (አስትሮይድ የሚለውን ቃል ያስተዋወቀው የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊሊያም ኸርሼልም የሙዚቃ ደራሲ ነበር። ሙዚቃና ሰማይ የቆየ ዝምድና አላቸው።)

እኔን ከጾታው ይልቅ የሚያሳስበኝ «1815»፣ ማለትም የአስትሮይዷ መለያ ቁጥር ነው። ቤትሆቨን የኖረው ከ1770 እስከ 1827 ነው። ስለዚህ «1815 ቤትሆቨን» ሲባል ቁጥሩ በሕይወት ዘመኑ ያለ ዓመት ይመስላል። «ቁጥር 1815» ይበሉ። «1815ኛዋ» ቢሉም ያስኬዳል። «1815ኛ ሆና የተገኘች» ግን አይበሉ። ቁጥር የሚሰጠው ምሕዋሯ (ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ) በደንብ ከታወቀ በኋላ ነው እንጂ በተገኘችበት ተራ አይደለም። ለምሳሌ በሌላ የሙዚቃ ደራሲ ስም የተሰየመችው አስትሮይድ ሲቤሊየስ የተገኘችው በ1936 ነው፤ ከባክ አምስት ዓመት ያህል ዘግይታ። ቁጥሯ ግን 1405 ነው። የባክ ደግሞ 1814።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። «የቤትሆቨን አስትሮይድ» ካሉ ንብረቱ ይመስላል፤ «በቤትሆቨን ስም የተሰየመች» ይሻላል። ደግሞም አስትሮይድ «ያገኘው» እንጂ «የፈለሰፈው» አይባልም። መፈልሰፍ ያልነበረን ነገር መሥራት ነው፤ እሷ ግን ድሮም እዚያው ነበረች።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ የምትዞረው፣ በቤትሆቨን ስም የተሰየመችው ቁጥር 1815 አስትሮይድ እ.ኤ.አ. በ1932 ተገኘች።» ከዚያ በኋላ «ቤትሆቨን» ብቻ ቢሏት ይበቃል፤ ግሡን በሴት እስካስኬዱት ድረስ አንባቢዎ አይሳሳትም።