ሁሉንም ላስተምር ወይስ ጥቂቱን በጥልቀት?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ ለስድስት ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መደበኛውን የታሪክ ትምህርት ሳስተምር ቆይቻለሁ። በመጪው የትምህርት ዘመን ግን ላቅ ያለ ዝግጅት ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ የዓለም ታሪክ ኮርስ እንዳስተምር ተመድቤአለሁ። ኮርሱ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን እስከ ቅርብ ጊዜ ያለውን ታሪክ የሚሸፍን ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በዓመቱ መጨረሻ የታሪክ ሰነዶችን አገናዝበው በማስረጃ የተደገፈ ድርሰት መጻፍ ይጠበቅባቸዋል። የይዘቱ ስፋት አስጨንቆኛል። በዚያ ላይ የ40 ተማሪዎችን ድርሰት እንዴት አርሜ እንደምዘልቀው አላውቅም፤ ከእኔ ይበልጥ ያነበበ ተማሪ ቢገጥመኝስ የሚለውም ያሳስበኛል። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፤ እኔም እንዲህ ያለውን ኮርስ በያዝኩበት የመጀመሪያ ዓመት የፈጸምኩትን ስህተት ባስቀድም ይሻላል። መማሪያ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ይዤ ምዕራፍ በምዕራፍ ለማስረዳት ተነሣሁ። ማታ አነባለሁ፤ በማግስቱ ያነበብኩትን እናገራለሁ፤ ተማሪዎቹም ማስታወሻ ይይዛሉ። ለማጠቃለያው ፈተና አምስት ሳምንት ሲቀረው ገና ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አልወጣንም ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ ተማሪዎቼ ያን ሁሉ ማስታወሻ ይዘው አንድ የረባ የመከራከሪያ አንቀጽ መጻፍ አለመቻላቸው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሲያነብና ሲያመዛዝን የነበረው መምህሩ እንጂ ተማሪው አልነበረም።

ስለዚህ ከመጨረሻው ይጀምሩ። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ተማሪዎችዎ በዓመቱ መጨረሻ ይጠየቃሉ ብለው የሚገምቱትን ጥያቄ ይምረጡና 40 ደቂቃ ሰጥተው ራስዎ ድርሰቱን ይጻፉት። ሲጽፉ የት ላይ እንደቆሙ፣ የትኛውን ማስረጃ ለማስታወስ እንደተቸገሩ፣ ተቃራኒውን ሐሳብ በምን እንደመለሱ በኅዳጉ ላይ ምልክት ያድርጉ። ያ ወረቀት ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ ዓመታዊ ዕቅድዎን ያስተካክልልዎታል፤ ምክንያቱም ለተማሪው የሚያስፈልጉት የችሎታ ደረጃዎች በቅደም ተከተል የሚታዩት እዚያ ላይ ነው።

የይዘቱን ስፋት በተመለከተ የምመክርዎት፣ ምዕራፎችን ሳይሆን ጥያቄዎችን እንዲያቅዱ ነው። ለምሳሌ «ከአሜሪካ ምድር የተቆፈረ የብር ማዕድን የቻይናን ገበያ እንዴት ሊያንቀሳቅስ ቻለ?» ብለው ቢነሡ፣ ተማሪው መልሱን ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ1545 በዛሬዋ ቦሊቪያ ፖቶሲ ላይ የተገኘውን የብር ማዕድን ተራራ፣ በዚያ በግዳጅ ይሠሩ የነበሩትን ነባር ሕዝቦች፣ እስፓኝ እ.ኤ.አ. በ1571 በፊሊፒንስ ማኒላን ይዛ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የዘረጋችውን የንግድ መስመር፣ እንዲሁም በቻይና የሚንግ ሥርወ መንግሥት ግብርን በብር ወደ መሰብሰብ ማዘንበሉን ያገኛል። በመጽሐፉ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ሦስት አራት ምዕራፎች በአንድ ጥያቄ ይያያዛሉ። ለእያንዳንዱ ዘመን እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። የቀረውን ተማሪው በቤቱ ያንብበው፤ እርስዎም በአጭር የቃል ጥያቄ ማንበቡን ያረጋግጡ። አንዳንድ ነገር መዝለልዎ የማይቀር ነውና ምን እንደሚዘሉ አስቀድመው ይወስኑ። መምህሩ ሳይወስን ሲቀር ቆራጩ የቀን መቁጠሪያው ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቆርጠው መጨረሻውን ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ሥራ ሰነድ ማንበብ ነው። እኔ ኮርሱን ብዙ ጊዜ የምከፍተው በውጫሌ ውል ነው፤ ከዘመን ቅደም ተከተሉ ውጭ ቢሆንም የአነባበብን ነገር እንደዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ሰነድ አላጋጠመኝም። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1889 ሲፈረም በአማርኛና በጣልያንኛ ተጽፏል። የአንቀጽ 17ን ሁለቱን ቅጂዎች፣ ጣልያንኛውን በትርጉም፣ ያለምንም ማብራሪያ አድላቸውና አሥር ደቂቃ በዝምታ እንዲያነቡ አደርጋለሁ። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣልያንኛው ግን በዚያው መንገድ ለመላላክ እንደተስማሙ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አንዲት ግስ አማራጭን ግዴታ ስታደርገው ተማሪው በራሱ ዐይን ሲያይ ክፍሉ ይለወጣል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ወረቀቱን ደጋግመው ማንበብ ይጀምራሉ።

ከዚያ በኋላ ኢጣልያ በዚያው ዓመት በአንቀጹ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት ማስታወቋን፣ ቀጥሎም ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1893 ውሉን ማፍረሳቸውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ «ልዩነቱ የአስተርጓሚ ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ተማሪ ሆን ተብሎ ነው ብሎ ወዲያው ይፈርዳል። ዋናው ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ቅጂዎች ልዩነት መኖሩን ያረጋግጣሉ እንጂ የጻፊዎቹን ሐሳብ ብቻቸውን አያረጋግጡም። ይህን ለመናገር ሌላ ምን ዓይነት ሰነድ ያስፈልገናል? በዚያን ጊዜ የተጻጻፉት ደብዳቤ? ወደ ሮም የተላከ ዘገባ? ተማሪው አንድ ሰነድ ምን እንደሚያስረዳና ምን እንደማያስረዳ ለይቶ ማወቁ፣ እኔ በማስተማር ዘመኔ ካየኋቸው ችሎታዎች ሁሉ አብልጬ የማከብረው ነው። ውጤቱን ወዲያው አይጠብቁ፤ በየሳምንቱ አንድ ሰነድ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ፣ ሳያቋርጡ ያስነብቡ።

አጻጻፉም እንዲሁ በጥቂት በጥቂቱ የሚገነባ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙሉ ድርሰት አያዝዙ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጠይቁ። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ ሲጠየቁ ብዙዎቹ «የጦርነቱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው» ብለው ይጀምራሉ። ይህ ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን ማንም የማይከራከረው ስለሆነ መከራከሪያ ሊሆን አይችልም። አንዲት ተማሪዬ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስተካክላ እንዲህ አደረሰችው፦ «እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1914 በሳራዬቮ በኦስትሪያ ሃንጋሪ አልጋ ወራሽ ላይ የተፈጸመው ግድያ ጦርነቱን ቢለኩሰውም፣ የኦስትሪያ ሃንጋሪና የሰርቢያን ጠብ ከአንድ ወር በኋላ በቀናት ውስጥ የአውሮፓ ጦርነት ያደረጉት አስቀድሞ የተገቡት የኅብረት ቃል ኪዳኖችና ለማቆም አስቸጋሪ የሆኑት የክተት ዕቅዶች ናቸው።» በዚህ ዐረፍተ ነገር ቅርቡ ምክንያት ከሥረ ምክንያቱ ተለይቷል፤ የሚቀጥሉት አንቀጾችም ምን ማስረዳት እንዳለባቸው ከወዲሁ ታውቋል። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማወያየት ስለ ድርሰት አጻጻፍ ከሚሰጥ ረጅም ገለጻ ይበልጣል።

እርማቱን እንግዲህ በዚሁ መንገድ ያቅልሉት። ለአንድ ድርሰት 12 ደቂቃ ቢሰጡ 40 ድርሰት 8 ሰዓት ይፈጃል፤ ይህን በየሳምንቱ የሚችል ሰው የለም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይረሙ፦ በዚህ ሳምንት ዋናውን የመከራከሪያ ሐሳብ፣ በሚቀጥለው የማስረጃ አጠቃቀሙን። ለእያንዳንዱ 2 ደቂቃ ይበቃል፤ ጠቅላላው 80 ደቂቃ ነው። ይህን ለተማሪዎቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ያለዚያ ያልታረመው ሁሉ ትክክል ይመስላቸዋል። ሙሉ ድርሰት በሙሉ የሚያርሙት በመንፈቀ ዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን በቂ ነው። ወረቀቱን ሲመልሱም ነጥቡን ብቻ አይተው እንዳያስቀምጡት፣ በዚያው ክፍለ ጊዜ ደካማውን አንቀጽ እንደገና ያስጽፏቸው።

ከእርስዎ ይበልጥ ያነበበ ተማሪ ይገጥምዎታል፤ አይስጉበት። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ስለ አንድ ጦርነት ወይም ስለ አንድ መሪ ሲሆን፣ የሰሙትን ከተረጋገጠው አይለዩም። የማያውቁትን ሲጠይቅዎት «አላውቅም» ይበሉት፤ ጥያቄውንም በሰሌዳው ጥግ ይጻፉት። እርሱ የሰማበትን ምንጭ እንዲያመጣ፣ እርስዎም ሌላ ምንጭ ፈልገው እንዲመጡ ይስማሙ፤ በተስማማችሁበት ቀንም ሁለቱን ምንጮች ልክ እንደ አንቀጽ 17 ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በክፍሉ ፊት አንብቧቸው።