«ትሉን ካጠፋሁበት አለርጂው ይብስበታል ወይ?» ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅሽ ገጠር አያቱ ዘንድ ሳለ አስነጥሶም አያውቅ፤ ደብረ ማርቆስ ካመጣሽው በኋላ ግን ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ጠዋት ዓይኑን ሲያሽ ይነሳል። አጎቱ ደግሞ «የትል መድኃኒት እየሰጣችሁት ነው እንዲህ የሆነው፣ ትል አለርጂን ይከላከላል» ብሎ አስፈራርቶሻል። አሁን ትምህርት ቤት መድኃኒቱ ሊታደል ነው። ላስውጠው ወይስ ይቅር ነው ነገሩ።

ይዋጥ። መልሴ ይኸው ነው። አጎትየው ግን ከምንም ተነስቶ አልተናገረም፣ ለዚህ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ። ሐኪም አይደለሁም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ማየት ነበር፣ ምሳ እየበላችሁ የምታነቡ ይቅርታ።

ደግሞ እኔም የልጅሽ ቢጤ ነኝ። ያደግኩት ቢቸና አካባቢ ነው፣ በባዶ እግር። ከእኛ ሰፈር ልጆች ወስፋት ያልወጣው አላውቅም፤ ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» የምንል ሰዎች መሆናችን ራሱ ብዙ ይናገራል። የጤፍ ውቂያ ሲሆን አውድማ ላይ እብቅ ለብሼ እውል ነበር፣ አፍንጫዬን የሚለው ነገር የለም። ባሕር ዳር ገብቼ ስፖንጅ ፍራሽና ምንጣፍ ከለመድኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን አሥር ጊዜ ሳላስነጥስ ፊቴን አልታጠብም። ትሉ ስለወጣ ነው? እንጃ። ትሉ ብቻ አይደለም የቀረው፤ ከብቱም፣ ደጅ መዋሉም፣ ነፋስ የሚገባበት ቤትም አብሮ ቀርቷል። አንዱን መዝዞ ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ሰውነታችን። ትል እንደ ባክቴሪያ በአንድ ነጭ የደም ሕዋስ ተውጦ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ትልቅ ነው። ስለዚህ ሰውነት ጠርጎ ለማስወጣት ይሞክራል። ንፍጥ ያበዛል፣ ያሳክካል፣ ያስላል፣ ያስቀምጣል። አይጂኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ከፍ ይላል፣ ኢኦሲኖፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ይበዛሉ፣ ሂስታሚን ይለቀቃል። ይህን ስታነቢ የአለርጂ ምልክት የቆጠርኩልሽ መስሎሽ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ያው ነው። ለትል የተሰናዳው መከላከያ ፍራሽ ውስጥ በምትኖር በዓይን በማትታይ ተባይ ወይም በአበባ ብናኝ ላይ ሲነሳ አለርጂ እንለዋለን።

ታዲያ ትል ያለበት ሰው ሁሉ ለምን ሲያስነጥስ አይውልም? መንጠቆ ትል አንጀት ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። ያን ያህል ጊዜ እየተዋጉ መኖር ለትሉም ለሰውየውም አይሆንም። ስለዚህ ትሉ የሚያመነጫቸው ነገሮች የሰውነትን መከላከያ ያለዝቡታል፤ «በቃ፣ ረጋ በሉ» የሚሉ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች (እነሱም ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው) ይበረታሉ፣ አይኤል 10 የሚባል አብራጅ ንጥረ ነገር ይጨምራል። እነዚህን ተቆጣጣሪ ሴሎች ያገኙት ሰዎች ናቸው በ2025 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል የተሸለሙት። ታዲያ ለትሉ ተብሎ የመጣው እርጋታ ለአቧራውም ይተርፋል። የአጎትየው ወሬ ሥሩ ይኼ ነው።

ማስረጃውም ከሩቅ አገር ብቻ አይደለም፣ ከጅማም አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ በዝቶ አገኘ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው ሲር ማለቱ ቀነስ ይላል አለ። ግን ቆይ፣ ትል ሁሉ አንድ አይደለም። የወስፋት እጭ አንጀት ከመድረሱ በፊት በሳንባ በኩል ነው የሚያልፈው። ሲያልፍ ያስላል፣ ደረት ሲር ያደርጋል። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ወስፋት ከአስም መብዛት ጋር ነው የሚሄደው እንጂ ከመቀነስ ጋር አይደለም። እኛ አገር ልጅ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወስፋት ነው!

መድኃኒቱ አስም ያመጣ እንደሆነም ተሞክሯል። ቬትናም ገጠር ውስጥ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ደጋግመው መድኃኒት ሰጧቸው። ቆዳቸው ላይ የሚደረገው የአለርጂ ምርመራ ከፍ አለ፣ ይህ እውነት ነው። አስሙ ላይ ግን ለውጥ አላመጣም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በተገላቢጦሽ አስም ላለባቸው ሰዎች አሥር አሥር የመንጠቆ ትል እጭ ሆን ብለው ሰጥተዋቸው ነበር (አዎ፣ ፈቅደው ነው)፣ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘም። መንጠቆ ትል ደግሞ ደም ነው የሚጠጣ። ብዙ ሲሆን ልጅ ደም ማነስ ይይዘዋል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ለአፍንጫ ብዬ ደሜን አልሰጥም እኔ።

ከሥራዬ ያየሁትን ሁለት ነገር ልንገርሽ። ሲቢሲ የሚባለው የደም ምርመራ ላይ ኢኦሲኖፊል ከፍ ሲል ወዲያው «አለርጂ አለብህ» ብለው የሚልኩ አሉ። እኛ አካባቢ ግን መጀመሪያ ሰገራ መታየት አለበት። ሴትሪዚን በሚባለው የአለርጂ ኪኒን ወራት የተንገላቱ፣ ሰገራቸው ሲታይ በመንጠቆ ትል እንቁላል የተሞላ ስንቶችን አይቻለሁ። የሰገራ ናሙናም ቶሎ ይድረስ፤ ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ ስላይዱ ከተሠራ በኋላ አንድ ሰዓት ካለፈው የመንጠቆ ትል እንቁላል ይሟሟና «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ጠዋት ሰጥተሽ ከሰዓት የታየ ውጤት ከሆነ ብዙ አትመኚው።

ሁለተኛው ያስፈራኛል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል አለ፣ እንደ መንጠቆ ትል በእግር ቆዳ የሚገባ። ይኼኛው እዚያው ሰው ውስጥ ይራባል። አንድ ገበሬ አስም ነው ተብሎ አንድ ክሊኒክ ፕሬድኒሶሎን ሁለት ሳምንት ዋጠ። ሲሻለው ቆይቶ በሆድ ቁርጠት ተጣጥፎ መጣ፤ ሰገራውን ሳይ እጮቹ እየተርመሰመሱ ነበር። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳ (ብዙ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው) የሰውነትን መከላከያ ሲያወርዱት ይህ ትል ገደቡን ጥሶ በሰውነት ውስጥ ይሰራጫል፣ ይገድላልም። ሰውየው አይቨርሜክቲን በሚባል የትል መድኃኒት ተረፈ። ስለዚህ ልጅሽን «መርፌ እንውጋው» ቢሉሽ ገጠር በባዶ እግር እንዳደገ ሳትናገሪ እንዳትወጪ። ትንፋሹ አጥሮት በድንገተኛ የሚሰጥ ከሆነ ግን ይሰጠው፣ አትከልክይ፤ ምርመራው ይደርሳል። ትምህርት ቤት የምትታደለው አንዲት አልቤንዳዞል ለዚህኛው ትል አትበቃም፣ ውጧል ብለሽም እንዳትዘናጊ።

«እኛ ቤት ኮሶ ይጠጣል» የሚል አይጠፋምና እሱንም ልበል። ኮሶ አያቶቻችን የሚጠጡት ከጥሬ ሥጋ ለሚመጣው ለኮሶ ትል ነው። በእግር የገባውን አይመለከትም። ወንዝ ወይም ጣና ዳር ሲዋኝ የኖረ ልጅ ከሆነ ደግሞ ቢልሃርዚያ ሌላ ነው፣ መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል ነው።

ለአሁኑ አልቤንዳዞሉን ይዋጥ፣ ጫማ ያድርግ። አስሙን ግን ከትሉ ለይተሽ አሳክሚው፣ የሚነፋ መድኃኒት ካዘዙለት «ይለምድበታል» የሚልሽን አትስሚ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጪው፣ አንሶላውን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቢ፣ ከሰል የምታነጂበት ክፍል አይተኛ። እኔን ከማንኛውም ኪኒን በላይ የጠቀመኝ ምንጣፉን መጣሌ ነው፣ ባለቤቴ እስካሁን ይቅር አላለችኝም።

የሲቢሲው ወረቀት እጅሽ ላይ ካለ ኢኦሲኖፊል የሚለውን ቁጥር ጻፊልኝ፣ አይቼ የመሰለኝን እነግርሻለሁ።