የእናቴ ኢኢጂ 8.5 ይላል፣ ልደንግጥ?

ጥያቄው ከአራት ኪሎ ነው የመጣው። የጠያቂዋ እናት 72 ዓመታቸው ነው። በቅርቡ ቤት ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁና ሐኪሙ ኢኢጂ፣ ጭንቅላት ላይ ሽቦ ተለጥፎ የአንጎል ሞገድ የሚቀዳበትን ምርመራ፣ አዘዘ። ወረቀቱ «የአልፋ ምት 8.5 ኸርዝ፤ በግራ ጆሮ ግንድ በኩል አልፎ አልፎ ቴታ» ይላል። ቀጠሮው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ጎረቤት ደግሞ «አእምሯቸው እየደከመ ነው» ብላ አስደንግጣቸዋለች። «እርጅና ነው በሽታ? ሌላ ቦታ ወስጄ ላስደግመው? ሌሊትም አሥር ሰዓት ላይ ይነቃሉ» ይላሉ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ጎረቤትዎን ይተዉአት። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ ሽቦውን የምለጥፈው ሰውዬ ነኝ። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ጭንቅላት ላይ ሽቦ ስለጥፍ እውላለሁ። ውጤቱን የሚያነበው የነርቭ ሐኪም ነው። ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ግን አውቃለሁ።

8.5 ቆጠራ ነው፤ ኸርዝ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ ማለት ነው። ሰው ነቅቶ ዓይኑን ሲጨፍን ከጭንቅላቱ በስተኋላ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ የተስተካከለ ሞገድ ይወጣል። አልፋ የምንለው እሱን ነው። ስክሪኑ ላይ በየሰከንዱ ቀጥ ያለ መስመር አለ። በሁለት መስመር መካከል ስንት ጉብታ እንዳለ እንቆጥራለን፤ ስምንት ተኩል ገደማ ከሆነ 8.5 ብለን እንጽፋለን። «እማማ፣ ይጨፍኑ» ስል ሞገዱ ብቅ ይላል። «ይግለጡ» ስል እልም። ሃንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ጽፎ ያወጣው በ1929 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ይህ ምት ዕድሜን ይከተላል። የአራት ወር ሕፃን ላይ 4 አካባቢ ነው። በሦስት ዓመት 8 ይደርሳል። በአሥር ዓመት 10 ገደማ ሆኖ እዚያው ይረጋል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ በጥቂቱ ይወርዳል። ስለዚህ 72 ዓመት ላይ 8.5 ብርቅ አይደለም። ገደቡ 8 ነው። ጤነኛ ሰው፣ ሰማንያም ይሙላው ዘጠና፣ በደንብ ነቅቶ ሳለ ከ8 በታች ከሆነ «ዕድሜ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፣ ጉበት ወይም ኩላሊት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የመርሳት በሽታም። ያኔ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልጋል።

የግራው ቴታም ያው ነው። ቴታ ከአልፋ የቀረፈፈ ሞገድ ነው፣ ከ4 እስከ 8 ኸርዝ። ጤነኛ አዛውንቶች ላይ በጆሮ ግንድ በኩል፣ በተለይ በግራ፣ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ አያለሁ። እርስዎ ወረቀቱ ላይ «አልፎ አልፎ» የሚለውን ቃል ይያዙ። ሳያቋርጥ በአንድ ጎን የሚሄድ ቀርፋፋ ሞገድ፣ ወይም የሚጥል በሽታን የሚያጠራጥር ሹል ሞገድ ቢኖር ሌላ ነገር ነበር።

እኔን የሚያጠራጥረኝ ሌላ ነው። እናትዎ ያን ጊዜ በደንብ ነቅተው ነበር?

አዛውንቶች ክፍሉ ጸጥ ሲል ቶሎ ያሸልባሉ። አልፋው ይሳሳል፣ ይጠፋል፣ ቴታው ይመጣል። ያኔ ካልተጠነቀቅን የእንቅልፉን ሞገድ የበሽታ አስመስለን እንቀዳዋለን። እኔ ወዲያው «እማማ!» እላለሁ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «አልተኛሁም ልጄ፣ እየጸለይኩ ነው።» ሞገዱ ግን አይዋሽም። እጃቸውን ጨበጥ ዘርጋ አስደርጌ፣ ስለ ልጆቻቸው ጠይቄ፣ ከዚያ እንደገና አስጨፍናቸዋለሁ። ወረቀቱ ላይ «ነቅተው ሳለ» የሚል ካለ ጥሩ። ከሌለ ሐኪሙን ይጠይቁት።

ሌሊት መንቃታቸውን ብዙ አያካብዱት። ዕድሜ ሲገፋ የጥልቅ እንቅልፍ ትልልቅ ዘገምተኛ ሞገዶች ቁመታቸው ያጥራል፣ ቁጥራቸውም ይቀንሳል። እንቅልፉ ስስ ይሆናል። በር ሲንኳኳ፣ ውሻ ሲጮህ ይነቃሉ። ለኪዳን መነሣት የለመዱ እናት ከሆኑማ ጭራሽ።

ላስደግመው ላሉኝ፣ አሁን አያስደግሙ። ገንዘብዎን ይያዙ። ቀጠሮው ላይ ወረቀቱን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ አወዳደቃቸውን ያየ ሰው ካለ እሱንም ይዘው ይሂዱ። ራስን መሳት ከልብም ከደም ግፊትም ሊመጣ ይችላል፤ ኢኢጂ ያንን አይነግርዎትም። መርሳትንም አይለካም፤ በሽታው ሲጀምር ኢኢጂው ንጹሕ የሆነ ሰው አለ። ደግሞ ከወደቁ ግን ሦስት ሳምንት አይጠብቁ፣ ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።

ሐኪሙ ራሱ ይደገም ካለ፣ ምሳ ሳይበሉ እንዳይመጡ። ጾም ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሱም ማለት ነው፤ ስኳር ሲወርድ ደግሞ ሞገዱ ይቀረፍፋል። የንስሐ አባታቸውን ቀድመው ያነጋግሩ። የታዘዘላቸውን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ።

ቅቤውንም አደራ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ትኩስ ቅቤ ተቀብተው፣ ሻሽ ጠምጥመው መጡ። ሃያ ምናምን ሽቦ አንዱን ስለጥፍ ሌላው ይንሸራተታል። ሽቦው ካልያዘ የግድግዳው መብራት 50 ኸርዝ ሰተት ብሎ ይገባና ስክሪኑ ሣር ይመስላል። ከሰዓቱን ጸጉር ሳጥብ ዋልኩ። ስለዚህ ማታውኑ ሹሩባውን ይፍቱላቸው፣ በሻምፑ ሁለቴ ይጠቡላቸው፣ ቅባት ሳይነካው ይደር።