ጥያቄና መልስ፦ የፖይንት ሬይስ አፋፍና ባሕር ዳር በአበባ ወቅት

ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን የሚገኘው የፖይንት ሬይስ ብሔራዊ ፓርክ አበባ ሊያወጣ ሲል የቤይ ኤሪያ አንባቢዎች ጥያቄ ይበዛል። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ስለ አበባው ብቻ ሳይሆን ስለ ገደሉና ስለ ውሃውም ናቸው፤ እኛም ብዙ ቦታ የሰጠነው ለእነዚህ ነው።

«ባለፈው ዓመት ፓርኩ ውስጥ ቺምኒ ሮክ ወደሚባለው አፋፍ ሄደን ከሣር በቀር ምንም ሳናይ ተመለስን። አበባው መቼ ነው?» (ከሳን ሆዜ)

አብዛኛውን ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ሜይ አጋማሽ ነው። ቀደም ብለው በማርች የሚፈነዱ አሉ፤ ጁን ሲገባ ሣሩ መድረቅ ይጀምራል። የክረምቱ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ሲያንስ ጊዜው ወዲያና ወዲህ ይላል።

ወሩ ልክ ሆኖም ሰዓቱ ሊያሳስት ይችላል። ፖፒ የተባለችው የካሊፎርኒያ አበባ ብርድ፣ ደመናና ጉም ሲሆን የአበባ ቅጠሎቿን ጠቅልላ ትዘጋለች። በማለዳ ጉም የሄደ ሰው የሚያየው አረንጓዴ ብቻ ነው። ፀሐይ ያለበትን ቀን መርጣችሁ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ ባለው ጊዜ ሂዱ። ሌላው ምክንያት ነፋሱ ነው። አፋፉ ላይ ነፋስና የባሕር ጨው ስለሚበረታ ብዙዎቹ አበቦች መሬት ላይ ተለጥፈው ነው የሚያድጉት። ቆም ብላችሁ ጎንበስ በሉ፦ የባሕር ዳሯ ፖፒ ጠርዟ ቢጫ፣ መሐሏ ብርቱካናማ ነው፤ የሐምራዊው አይሪስ የአበባ ቅጠል ላይ ደግሞ ንብን ወደ ውስጥ የሚመሩ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። መንገዱ ደርሶ መልስ 1.75 ማይል ያህል ስለሆነ ለመቸኮል ምክንያት የለም። ፀሐይ ቢሆንም ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ያዙ።

«አፋፉ ላይ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ፣ ሰማያዊና ቢጫ የሚያብብ ተክል አየሁ። የጎጃም ግብጦ አይደለም? ፍሬው ይበላል?» (ከኦክላንድ)

ዓይንዎ አልተሳሳተም፣ የግብጦ ዘመድ ነው። ሁለቱም ሉፒነስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ግን አይበላም። ግብጦ እንኳ አገር ቤት ተቆልቶ፣ ውሃው እየተቀያየረ ለቀናት ተዘፍዝፎ ነው መራራው የሚወጣለት። ያ መራራ ነገር አልካሎይድ የሚባል መርዝ ነው፤ የዱሩም ፍሬ ውስጥ አለ። ልጆች እሸቱን አተር መስሏቸው እንዳይቀምሱት ጠብቋቸው። ከዚህም በላይ በፓርኩ ውስጥ አበባም ሆነ ዘር መቅጠፍ ክልክል ነው። ፎቶ ለማንሳት ከመንገዱ ወጥቶ አበባው መሐል መቀመጥም ያው ጥፋት ነው፤ የተረገጠው አበባ ዘር ሳያፈራ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያ ቦታ ባዶ መሬት ነው የሚታየው።

«ከአበባው በኋላ ልጆቹን አሸዋው ላይ ማንሸራሸር እንፈልጋለን። ማዕበሉን ምን ያህል መፍራት አለብን?» (ከሳክራሜንቶ)

በጣም። የጉዞውን ሰዓት መወሰን ያለበት አበባው ሳይሆን ውሃው ነው።

በዚህ ባሕር ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ የባለፈው ቅዳሜ ሰዓት ለዚህ ቅዳሜ አይሠራም። ኖኣ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ላይ የፖይንት ሬይስን ሰዓት ያወጣል። ውሃው እጅግ የሚጎድልበትን ሰዓት ፈልጉና ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ አሸዋው ላይ ተገኙ። ስትሄዱ ውሃው እየሸሸ ይሆናል፤ መሙላት ሲጀምር ፊታችሁን ወደ መጣችሁበት መልሱ። ይህን የማያደርግ ሰው የሚቸገረው ከጀርባው ገደል ባለበት ቦታ ነው። ማክሉርስ ባሕር ዳር ደቡብ ጫፍ ላይ በድንጋዮች መካከል ወደ ሌላ ትንሽ አሸዋ የሚያሳልፍ ጠባብ መሹለኪያ አለ፤ ውሃው ሲመለስ ይዘጋል፣ ሌላ መውጫም የለውም።

ሰንጠረዡ የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ ድንገተኛውን ማዕበል ነው። ሩቅ ውቅያኖስ ላይ የተነሳ ወጀብ የሚልከው ትልቅ ማዕበል ከብዙ ትናንሾች በኋላ ሳይታሰብ ይደርሳል፤ ደረቅ የመሰለውን አሸዋ ሁሉ ያጥባል። ስትደርሱ 20 ደቂቃ ያህል ከላይ ሆናችሁ ውሃውን ተመልከቱ። እርጥብ አሸዋ ያለበት ሁሉ ውሃው የሚደርስበት ስለሆነ ልጆቹ ከዚያ በላይ ይጫወቱ። ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ። አሸዋው ላይ በተጋደመ ግንድ ላይም አትቀመጡ፤ ጥቂት ውሃ ግንዱን አንስቶ ሰው ላይ ያንከባልለዋል።

ሰው ቢወሰድ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሰው ማጣት ነው። ውሃው ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ይዝላል። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፣ አንድ ሰው ዓይኑን ከእሱ ላይ እንዳያነሳ፣ ሌላው 911 ይደውል። በፓርኩ ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም፤ የት ቦታ ላይ ኔትዎርክ እንደጠፋባችሁ ስትመጡ አስተውሉ።

«ገደሉ ጫፍ ላይ ብዙ ሰው ቆሞ ፎቶ ሲነሳ አይቻለሁ። አደገኛ ነው?»

አዎ። ማዕበሉ ከሥር እየቦረቦረው፣ ዝናቡ ከላይ እየሰረገበት የቆየ አፋፍ ከላይ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ሣሩ ክፍተቱን ይሸፍነዋል። ማርች 21 ቀን 2015 በዚሁ ፓርክ አርች ሮክ የተባለው አፋፍ ተደርምሶ አንድ ሰው ሞቷል፣ አንድ ሰው ተጎድቷል። ከጫፉ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካያችሁ ወዲያውኑ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከዝናብ በኋላ ባሉት ቀናትማ ይበልጥ ራቁ። ከገደሉ ሥር ተጠግቶ ምሳ መብላትም እንደዚሁ አደገኛ ነው።

«ከጉዞው ስመለስ ጉልበቴ ላይ መዥገር አገኘሁ። ነጭ ጋዝ ልቀባው?»

አይቀቡት፣ በእሳትም አይለብልቡት። እንዲህ ሲያደርጉት የሆዱን ወደ ሰውነትዎ ሊተፋው ይችላል። ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳዎ አጠገብ አፉን ይያዙና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ቦታውን በሳሙና ይታጠቡ። እዚህ አካባቢ መዥገር «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተነቀለ ግን አደጋው በጣም ይቀንሳል። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ወይም ትኩሳት ካዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መዥገሩ ሣር ጫፍ ላይ ሆኖ ነው የሚጠብቀው፤ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ ከመንገዱ መሐል አይውጡ። ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡ አንጸባራቂ ቅጠሎች ያሉት ቁጥቋጦም ቆዳን የሚያሳክከው ፖይዝን ኦክ ስለሆነ አይንኩት።

«የአበባው ወር ከሁዳዴ ጋር ገጠመ። ምን ስንቅ እንያዝ?»

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ቴምርና ሙዝ ይበቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ግን ውሃ ሳይጠጡ ነፋስ ላይ መራመድ ስለሚያዝል አጭሩን መንገድ ምረጡ። ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ መኪና ውስጥ ይኑር። ነዳጅ ፖይንት ሬይስ ስቴሽን የተባለችውን ትንሽ ከተማ ሳታልፉ ሙሉ።

«ውሻችንን ይዘን መሄድ እንችላለን?»

ቺምኒ ሮክ አይቻልም። ኪሆ ባሕር ዳር ወደ አሸዋው ከሚያስገባው መንገድ በስተሰሜን ባለው በኩል፣ ከ6 ጫማ ባልበለጠ ማሰሪያ ይፈቀዳል። ኤሌፈንት ሲል የሚባለው ግዙፍ የባሕር እንስሳ አሸዋው ላይ ተኝቶ ካገኛችሁት ግን ውሻውን ይዛችሁ ተመለሱ። በኤፕሪልና በሜይ ቆዳው ተገሽልጦ የታመመ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ጸጉሩን እየቀየረ ነውና አትጠጉት።